የአባይ ማደሪያ

ብሬመን የደረስሁት በኅዳር መጨረሻ ነው። ሃምቡርግ የምትኖረው ልጄ ባቡር ላይ አሳፍራኝ፣ የሚቀበሉኝን ሰዎች ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ኪሴ ከታ፣ «አባዬ፣ ካፖርትህን እንዳታወልቅ፤ የምትገባበት ክፍል ይበርዳል» አለችኝ። ከባቡር ጣቢያው ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚሄደው ትራም ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። መስኮቱ ጉም ስለለበሰ ውጭው አይታይም።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ማሩም በሚባለው የባሕር ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን አለ። ቅዝቃዜው ክረምት ከበጋ አራት ዲግሪ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆሙት መደርደሪያዎች የያዙት ጭቃ ነው፤ ከአትላንቲክ፣ ከአርክቲክ፣ ከሜዲትራኒያን፣ ከጥቁር ባሕር ወለል በመርከብ ተቆፍሮ የወጣ፣ ሜትር ተኩል ሜትር ተኩል እየሆነ የተቆረጠ፣ በፕላስቲክ ቱቦ የታሸገ ጭቃ። ሁሉም ጫፍ ለጫፍ ቢዘረጋ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ቢጀመር ደብረ ብርሃንን አልፎ ይወጣል። በመደርደሪያዎቹ መካከል ስሄድ የመጣብኝ ሐሳብ ጎተራ ነበር፤ የክፉ ቀን እህል የተቀመጠበት፣ አጥብቆ የሚጠበቅ ጎተራ።

የምታስጎበኘኝን ባለሙያ ጂኦግራፊ አስተማሪ እንደነበርሁ ነገርኋት። «ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ። «ከኢትዮጵያ። ከደብረ ማርቆስ። ከአባይ አገር።» ቆም ብላ አየችኝና፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር በረድፎቹ መካከል ሄዳ አንድ ቱቦ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ መሸፈኛውን ስትገልጠው ለሁለት የተሰነጠቀ ጭቃ ወጣ። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፤ አልፎ አልፎ ወደ ግራጫ ያደላል። መሃሉ ላይ ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር ቅድ አለ፤ ዳሩ በቢላ የተለየ ያህል ጥርት ብሏል።

«ይህ የአገርዎ ዝናብ ነው» አለችኝ።

ጭቃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው የቁፋሮ መርከብ ከቆጵሮስ በስተደቡብ፣ ኤራቶስቴኔስ በሚሉት የባሕር ውስጥ ተራራ አጠገብ ቆማ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ውሃ ሥር ቆፍራ አወጣችው። የጉድጓዱ ቁጥር 967 ነው። ጥቁሩ ቅድ የተኛው ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ እስኪጠናቀቅ ሰባት ሺህ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

እኛ ዘንድ «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ልጅ ሆኜ አያቴ ይህን ስትል የማዝነው ለአባይ ነበር፤ እንግዳ ተቀባይ ያጣ መንገደኛ ይመስለኝ ነበር። አድጌ አስተማሪ ስሆንም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ፊት ቆሜ ጣቴን ከሰከላ አንስቼ፣ በጣና አሳልፌ፣ በካርቱም፣ በአስዋን፣ በካይሮ አውርጄ ሜዲትራኒያን ጠርዝ ላይ አቆማለሁ። «ወደ ባሕር ይገባል» እላለሁ፤ ተማሪዎቹም ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ስለ ሰማያዊው ቀለም የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ብሬመን ውስጥ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ከጣቴ ማዶ ያለው ነው።

ጥቁሩን ጭቃ ባለሙያዎቹ ሳፕሮፔል ይሉታል። የሚፈጠርበት መንገድ እንዲህ ነው። ሜዲትራኒያን እንደ ወትሮው ሲሆን፣ የላይኛው ውሃ በበጋ ፀሐይ እየተነነ ጨው ይበዛበታል፤ በብርድ ወራት ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ይሰምጣል። ሲሰምጥ አየር ይዞ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ፍጥረትም በዚያ ይኖራል። አባይ እጅግ ሲሞላ ግን ጨው የሌለው ቀላል ውሃ በባሕሩ ላይ እንደ ጋን ክዳን ይደፋበታል። ላዩ አይከብድም፤ አይሰምጥም። ከታች ኦክስጅን ያልቃል። የታችኞቹ ፍጥረታት ያልቃሉ። ከላይ እየሞተ የሚወርደው ሁሉ የሚያበሰብሰው አጥቶ እንዳለ ይከማቻል፤ ጭቃውንም ያጠቁረዋል። ከምዕራብ በኩል በአትላንቲክ ያለው ለውጥ፣ የቀለጠው በረዶ፣ ዛሬ አሸዋ የሞላባቸው የሊቢያ ወንዞችም የየድርሻቸውን አዋጥተዋል። ዋናው ግን የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የኢትዮጵያ ተራሮች ዝናብ። እንዲህ ያለው ጥቁር ቅድ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል ላይ አንድ ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው እየተመላለሰ ይመጣል። የመጨረሻው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት ያበቃው ነው።

ይህን ያወቁት ጭቃው ጥቁር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቀለምን ብዙ ነገር ያጠቁረዋል። ምስክሮቹ በጭቃው ውስጥ ያሉት ዛጎሎች ናቸው፤ የእኔም ጉዞ ዋና ጉዳይ እነሱ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዱኝ። እዚያ ብርዱ ቀርቶ የሚሞቅ ክፍል አለ፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ በየወንበሩ ፊት ማይክሮስኮፕ። አንዲት ወጣት ተመራማሪ የጭቃ ቁራጭ በውሃ ታጥባለች። ማጠቢያዋ ወንፊት ነው። ቀዳዳው ግን ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ይጠባል፤ ጭቃው ይወርዳል፣ ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ይቀራል። ያንን በምድጃ አድርቃ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተነችው። ሰሌዳው በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው። «ይመልከቱ» አለችኝ።

ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ስተክል ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁም። አሸዋው አሸዋ አልነበረም። እያንዳንዱ ፍሬ ቤት ነበር። ክብ ክፍል በክብ ክፍል ላይ ተደራርቦ፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠመዘዘ፣ ግድግዳው በስንጥቅ ሳይሆን ሆን ተብሎ በተበሳ በሚመስል ቀዳዳ ተሞልቶ፤ አንዱ እንደ ብርጭቆ ያበራል፣ ሌላው እንደ ሸክላ ደብዝዟል፣ ጥቂቶቹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አላቸው። ፎራሚኒፌራ ይባላሉ፤ ትርጉሙ ቀዳዳ ያዥ ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1826 የሰጣቸው ፈረንሳዊው አልሲድ ዶርቢኚ ነው። ባለቤቱ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው፤ በባሕሩ ላይ እየተንሳፈፈ ጥቂት ሳምንት ይኖራል፣ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየለቀመ ቤቱን ይሠራል፣ ይሞታል፣ ቤቱ ይወርዳል። በሺህ ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው ጭቃ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው።

ወጣቷ በጣም ቀጭን የቀለም ብሩሽ ጫፉን በውሃ እያራሰች አንድ በአንድ ትለቅማለች። አንድ ነገር አስታወሰኝ። እናቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ስትለቅም እንዲህ ነበረች፤ ጣቷ ከዓይኗ ይቀድማል፣ ከአፏ ወሬ አይቋረጥም፣ ድንጋዩ ግን አያመልጣትም። ይቺም እያወራችን ነው የምትለቅመው። ከአንድ ቁራጭ ጭቃ ሦስት መቶ ዛጎል ቆጥራ በየዓይነቱ ትለያለች። የትኛው ዓይነት ሞቃት ውሃ እንደሚወድ፣ የትኛው ቀዝቃዛ እንደሚወድ ዛሬ ካለው ባሕር ይታወቃል፤ ስለዚህ የተቆጠረው ሕዝብ ብቻውን የጥንቱን ባሕር ሙቀት ይናገራል። እኔም ብሩሹን ያዝሁ። ሦስቱን አነሳሁ።

ምስርን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የግሪኩ ጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን ፒራሚዶቹን ሲጎበኝ በድንጋይ ክምሩ ሥር ምስር የመሰሉ ጠፍጣፋ ነገሮች አይቶ ነበር። የአካባቢው ሰው የሠራተኞቹ ምግብ ትራፊ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነው ይል እንደነበር ጽፏል።  እነዚያ ምስሮች ኑሙላይት የሚባሉ ትልልቅ ፎራሚኒፌራ ናቸው፤ የፒራሚዱ ድንጋይ በእነሱ የተሞላ ነው። የጥንት ጽሑፎቻችን የግብጽን አገር ምስር እንደሚሉት ሳስብ፣ ያገጣጠመው አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም፣ ደስ ይለኛል።

ወደ ዝናባችን ልመለስ። የሮዝ ቀለም ያለባት ዛጎል ከግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር ወገን ናት፤ ሩበር በላቲን ቀይ ማለት ነው። የምትኖረው በባሕሩ ላይኛው ውሃ ነው፤ አባይ ክዳኑን የሚደፋው በእሷ ላይ ነው ማለት ነው። ቤቷን ስትሠራ የምትጠቀምበት ኦክስጅን ደግሞ ሁሉም አንድ ክብደት የለውም። ከሺህ ሁለት ያህሉ አተሞች ከሌሎቹ ከበድ ይላሉ። ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፤ ስለዚህ የዝናብና የወንዝ ውሃ ቀላሉ የበዛበት ነው፤ እንደ ሜዲትራኒያን ያለ ፀሐይ የሚመጠው ባሕር ደግሞ ከባዱ ይከማችበታል። አባይ ሲሞላ ቀላሉ ኦክስጅን ወደ ባሕሩ ይፈስሳል፤ ዛጎሏም ትቀበለዋለች። ዛጎሎቹን በአሲድ አሟሙተው፣ የሚወጣውን ጋዝ በመሣሪያ መዝነው፣ የከባዱንና የቀላሉን መጠን ያነጻጽራሉ። በጥቁሩ ቅድ ውስጥ ያለችው ሩበር ከቅዱ በላይና በታች ካሉት እህቶቿ ይልቅ ቀላሉን ኦክስጅን አብዝታ ይዛለች። ከ125,000 ዓመት በፊት የዘነበ ክረምት በዚያች ቅንጣት ግድግዳ ውስጥ አለ። ይህን ሲነግሩኝ ብዙ ጊዜ ዝም አልሁ። የአገሬን ዝናብ እኔ የማውቀው በጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ሲመታ ነው።

በዚያው ዘመን በዙላ ባሕረ ሰላጤ፣ በኤርትራ አብዱር የተባለ ቦታ፣ ሰዎች በባሕር ዳር ተቀምጠው የድንጋይ መሣሪያቸውን ከኮራሉ ውስጥ ትተውልናል። ያንን ክረምት ያዩት እነሱና የእነሱ ዘመዶች ናቸው።

የፎራሚኒፌራን ዛጎል እንደ ቴርሞሜትር ማንበብ የጀመረው የቦሎኛ ተወላጅ የሆነው ቼዛሬ ኤሚሊያኒ ነው። ቺካጎ ውስጥ፣ ሐሳቡን ካመነጨው ከሃሮልድ ዩሬ ዘንድ ሲሠራ፣ ከባሕር ወለል የወጡ ጭቃዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ የበረዶ ዘመናት ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ብዙ ጊዜ እንደተመላለሱ አሳየ። ኤሚሊያኒ ለውጡን በአብዛኛው የውሃው ሙቀት ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የካምብሪጁ ኒኮላስ ሻክልተን አረመው። ላይ የሚኖሩትና ታች የሚኖሩት ዛጎሎች እኩል ይለዋወጣሉ፤ የባሕር ጥልቁ ግን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያን ያህል ሊቀዘቅዝ አይችልም። ስለዚህ የተለወጠው ባሕሩ ራሱ ነው። ቀላሉ ውሃ በሰሜን አገሮች ላይ በረዶ ሆኖ ተከምሯል፤ ከባዱ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። እኔ ይህን እርማት ከግኝቱ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ያው ዛጎል፣ ያው ቁጥር፣ የተሻለ ጥያቄ።

የእኛ ቀይ ባሕር ደግሞ ባለመኖር የሚናገር አስገራሚ ምስክር አለው። በበረዶው ዘመን የባሕሮች ከፍታ ከመቶ ሜትር በላይ ሲወርድ ባብ ኤል መንደብ እየጠበበ ሄደ፤ ንጹሑ የባሕር ውሃ እንደ ልብ መግባት አቆመ፤ ቀይ ባሕር እየተነነ ጨው በዛበት። ከዚያ ዘመን ጭቃ ውስጥ ተንሳፋፊዎቹ ፎራሚኒፌራ ይጠፋሉ። ወንፊቱ ባዶ ይቀራል። ባዶነቱን ያነበቡ ሰዎች የባሕሩ ከፍታ ምን ያህል እንደወረደ አስሉበት።

ዝናቡ ለምን ይመላለሳል? ለዚህ መልስ እንዝርት ማየት ይበቃል። እንዝርት ስትሾር ዘንጓ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጫፉ ቀስ እያለ ክብ ይሠራል። ምድርም እንዲሁ ናት፤ የእሷ ክብ 26,000 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድም ራሱ ቀስ እያለ ስለሚዞር ግን፣ ለፀሐይ የምትቀርብበት ጊዜ ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ የሚመለሰው በ21,000 ዓመት ያህል ነው። ዛሬ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን የምትቀርበው በክረምታችን ወራት ነበር፤ ሰኔና ሐምሌ የዛሬውን አይመስሉም፤ የአፍሪካ ምድር ይበልጥ ይግላል፣ ከባሕር እርጥብ ነፋስ ይበልጥ ይስባል፣ ዝናቡ ሰሃራ ድረስ ይገባል። ፈረንሳዊቷ ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክ ጥቁሮቹን ቅዶች ከዚህ ዑደትና ከአባይ ጎርፍ ጋር ያገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 ባወጣቻቸው ጽሑፎች ነው። ጂኦግራፊ እያስተማርሁ በነበረበት ዘመን የታተመ ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ አልደረሰም።

የዝናቡን መቅረትም ባሕር ያውቀዋል። በሰሜን አትላንቲክ ጭቃ ውስጥ፣ ሃርትሙት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1988 የገለጣቸው ድርብርቦች አሉ፤ የበረዶ ተራራ ተሸክሞት መጥቶ ሲቀልጥ የጣለው ጠጠር ይበዛባቸዋል። በጠጠሩ መካከል የምትገኘው ዛጎል በአብዛኛው አንዲት ናት፤ ወደ ግራ የምትጠመዘዝ፣ ብርድ የምትወድ ፓኪዴርማ። የዚያች ዛጎል መብዛት ባሕሩ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይናገራል። ከእነዚህ የብርድ ዘመናት የመጨረሻው ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያው ጊዜ ጣና ደርቋል። ከሐይቁ ወለል የወጣው ጭቃ ይህን ያሳያል። ጣና! ገዳማቱ የሚቆሙበት፣ ታንኳው የሚሄድበት ውሃ። አባይ ያኔ ከምንጩ የሚቀበለው ሐይቅ አልነበረውም። ካናዳ አጠገብ የተሰበረ በረዶ ከጎጃም ገበሬ ማሳ ምን አገናኘው ለሚል ሰው፣ ያቺ ወደ ግራ የተጠመዘዘች ዛጎል መልስ አላት። አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ የዝናቡ ቀበቶ ይሸሻል፣ የክረምታችን ኃይል ይደክማል። ለዚህ ነው የእነዚህ ሰዎች ሥራ የሩቅ አገር ሰዎች ዕውቀት ብቻ ነው የማልለው። ባሕር ዛሬም እየሞቀ ነው፤ ዝናባችን ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል መለኪያ የምናገኘው ከዚያ ጭቃ ነው። ጋን ውስጥ ያለ እህል የሚታወቀው ሲዘገን ነው።

በሚያዝያ ልጄ ወደ ሲሲሊ ትኬት ቆረጠችልኝ። ብሬመን ውስጥ በቱቦ ያየሁት እዚያ በገደል ቆሟል ተብዬ ነበር። ፓሌርሞ ላይ የተቀበለኝ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ በሊቢያ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ከመጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ደሴቲቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠን ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። የስንዴው ማሳ አረንጓዴ ነው፤ አደይ አበባ የመሰለ ቢጫ አበባ ዳር ዳሩን ሞልቶታል። አግሪጀንቶን አልፈን ሪያልሞንቴ የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ ባሕሩ ታየ፤ ከባሕሩ በላይ ነጩ ገደል ታየ። ስካላ ዴይ ቱርኪ፣ የቱርኮች ደረጃ ይሉታል፤ የጥንት የባሕር ወንበዴዎች የወጡበት ነው እየተባለ።

«ጋሼ፣ እኔ ከላይ ሆኜ እጠብቅዎታለሁ» አለኝ ልጁ መኪናውን ሲያቆም። «ባሕር ዳር አልወርድም።» ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ብቻዬን በካፖ ሮሴሎ በኩል ወርጄ፣ በአሸዋው ዳር ዳር ወደ ፑንታ ዲ ማያታ ሄድሁ። ገደሉ ሙሉ በሙሉ ከፎራሚኒፌራና ከእነሱም ከሚያንሱ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተሠራ ነው። በእጄ ስነካው መዳፌ እንደ ኖራ ነጣ። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ሲቀርቡት መስመር በመስመር ነው፤ ግራጫ፣ ነጭ፣ ፈዛዛ ቡናማ፣ ነጭ፤ እንደገና ግራጫ፣ ነጭ፣ ፈዛዛ ቡናማ፣ ነጭ። እያንዳንዱ የአራት ቀለም ዙር የዚያ የምድር ዑደት አንድ ዙር ነው፤ 21,000 ዓመት ያህል። ግራጫው የጠንካራ ክረምት ዘመን ነው። የዩትሬክቱ ፍሪትስ ሂልገን እነዚህን መስመሮች አንድ በአንድ ከምድር ዑደት ስሌት ጋር አገጣጥሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ሥራ የድንጋዩን ዕድሜ በሰዓት የተለካ ያህል አደረገው። ከዚያ ጥቂት ወደ ምዕራብ፣ ኤራክሌያ ሚኖዋ ላይ፣ የገደሉ ሥር የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ ከ5.33 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተዘግቶና ጨው ሆኖ የነበረው ሜዲትራኒያን እንደገና በአትላንቲክ ውሃ የሞላበት ዘመን ምልክት በዓለም ላይ የሚታወቀው በዚያ ነው። የጨዉ ዘመን ቅሪት እዚያው ሪያልሞንቴ ሥር በማዕድን ጉድጓድ ይወጣል። ጨዉን ሳየው ያሰብሁት አፋርን ነው፤ አሞሌ የሚቆረጥበትን የዳሎል ሜዳ፣ ባሕር ገብቶ የደረቀበትን።

ከአሸዋው ላይ ቆሜ መስመሮቹን ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመርሁ። አንዱን ዙር ጣቴ ላይ፣ ሌላውን ጣቴ ላይ። በአፋር፣ አራሚስ ላይ ቅሪቷ የተገኘው የጥንቷ የሰው ዘመድ አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ እሷ በአዋሽ ሸለቆ ዛፍ ሥር ስትሄድ የሚወርደው ዛጎል ከነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ አርፏል። የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አብሮኝ ቢኖር እጄን እዚያ ላይ ባሳረፍሁ። የሰው ዘር በአፋር ምድር ላይ ሲፈጠር ዝናቡና ድርቁ እንዴት ይፈራረቅ እንደነበር፣ ከሜዲትራኒያንና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል የሚበልጥ ተከታታይ መዝገብ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። የእኛ ታሪክ በእኛ ምድር ላይ ታጥቦ ሲሄድ፣ ውሃው ተሸክሞ ያስቀመጠበት ቦታ ጠብቆታል።

ስመለስ ልጁ ከመኪናው ወጥቶ ባሕሩን ይመለከታል። «ጋሼ፣ አንድ ቦታ ልውሰድዎ?» አለኝ። አግሪጀንቶ አጠገብ ወዳለ መቃብር ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ 368 ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። በዚህ አውራጃ መቃብሮች ከተቀበሩት መካከል ብዙዎቹ ስም የላቸውም፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ልጁ ከኪሱ ጧፍ አውጥቶ ለኮሰ። ሁለት ጓደኞቹ ባሕሩ ውስጥ እንደቀሩ የነገረኝ ያኔ ነው፤ ሬሳቸው አልወጣም። «የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም» አለ። እኔም ጭቃውን፣ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ነጭ ዛጎል፣ በሺህ ዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚለውን ቁጥር አሰብሁ። ለእሱ አልነገርሁትም። ያን ቀን ለእሱ ማለት የነበረብኝ «ነፍስ ይማር» ነበር፤ እሱን አልሁት። ያ የባሕር ወለል ለእኔ የአባይ ማደሪያ ብቻ ሆኖ ሊቀር እንደማይችል ግን አውቄ ተመለስሁ።

አሁን ደብረ ማርቆስ ተመልሻለሁ። ከግብጽ ትልቁ የአስዋን ግድብ ወዲህ የአባይ አፈር ሜዲትራኒያን አይደርስም፤ በግድብ ጀርባ ይቀራል። የአገራችን አፈር በዚያ ባሕር ወለል ላይ የጻፈው መዝገብ በእኛ ዕድሜ ቆሟል። እስከዚያ የተጻፈው ግን እንዳለ ነው።

ብሬመን ውስጥ እያንዳንዱ ቱቦ ለሁለት የተሰነጠቀው ለምን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። አንደኛው ግማሽ ሳይነካ ለመጪው ትውልድ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ግማሽ ለምርምር ይቆረጣል። ማንም ተመራማሪ፣ ከየትኛውም አገር፣ የሚፈልገውን ጭቃና ምክንያቱን ገልጾ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል፤ ለጭቃው ዋጋ አይጠየቅም። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ አዲስ አበባ ጂኦሎጂና ጂኦግራፊ የምትማሩ ልጆች፣ የጉድጓዱ ቁጥር 967 ነው። ጻፉላቸው።